ቁፋሮው ሲጀመር ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሌሊት ይወጣል፤ የአቧራ መለኪያዬ ምን እያለኝ ነው?

ሰሚት_ጥግ — ኅዳር 8 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤታችን በስተምሥራቅ፣ አጥር ለአጥር ሆነን፣ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው። አሁን የምድር ቤቱ ቁፋሮ ላይ ናቸው። ኤክስካቫተሩ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፣ ሲኖዎቹ አፈሩን እየጫኑ በእኛ በር ፊት ባለው ኮረኮንች ይወጣሉ። አቧራው የሚነገር አይደለም። እናቴ በረንዳ ላይ ያሰጣችው በርበሬ እስከ ማታ ግራጫ ለብሶ ይገኛል፤ በጣት ሲነካ ቀዩ ከሥር ብቅ ይላል። እሷ ደግሞ አስም አለባት፣ ኢንሄለሩ ከእጇ አይለይም።

ፎርማኑን ሳናግረው «ማስረጃ አምጣ» አለኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ አንዷን ትንሽ የአየር ጥራት ሴንሰር አስመጣሁና በረንዳው ላይ ሰቀልኳት፣ በዋይፋይ ስልኬ ላይ ቁጥር ትልካለች።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ አንድም ሠራተኛ ሳይገባ፣ ፒኤም 2.5 (ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በሜትር ኩብ አየር እስከ 60 እና 70 ማይክሮግራም ይደርሳል። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት፣ አፈሩ ደመና ሠርቶ ሲነሳ፣ 15 ወይም 18 ትላለች። ፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮን ያለው ብናኝ) ብላ የምታሳየውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፎርማኑ ስልኬን አይቶ ሳቀ። «እኛ ስንሠራ አየሩ ይጠራል ማለት ነው፣ እንዲያውም ትከፍሉናላችሁ» አለኝ። መለኪያዋ ተበላሽታ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

ኮተቤ_ልጅ — ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3:05

መጀመሪያ ሰዓቷን እይ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መረጃውን በግሪኒች ሰዓት ነው የሚመዘግቡት፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። በዚያ ላይ አንተ በሐበሻ ሰዓት ስትጽፈው ሌላ ስድስት ሰዓት ይደባለቃል። ጠዋት ያልከው እኩለ ቀን ሆኖ እንዳይገኝ።

ሰሚት_ጥግ — ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3:20

አይቼዋለሁ ወንድሜ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ላይ ነው የተስተካከለችው። ሰዓቱ ልክ ነው።

ሌዘር_ቆጣሪ — ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4:15

መለኪያህ አልተበላሸችም። ያየችውን ነው የምትነግርህ፤ የግንባታ አቧራ ግን አይታያትም።

በእነዚህ ርካሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያለችው ብዙ ጊዜ የፕላንታወር ሴንሰር ናት፣ የአንተም ያው ትመስለኛለች። አንዲት ትንሽ ፋን አየር ትስባለች፣ አየሩ በሌዘር ፊት ያልፋል፣ ብናኙ የበተነው ብርሃን ይለካል። ለጭስ፣ ማለትም ከአንድ ማይክሮን በታች ለሆነ ብናኝ፣ በጣም ጎበዝ ናት። ተለቅ ያለው ብናኝ ግን በዚያች ደካማ ፋን ተስቦ፣ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ አልፎ ሌዘሩ ጋ አይደርስም፤ ክብደቱ መታጠፊያው ላይ ያስቀረዋል። «ፒኤም 10» ብላ የምታሳይህ ባብዛኛው ከጥቃቅኖቹ ተነስታ የገመተችው ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው የሚወጡትና የሚወርዱት።

አሁን የአቧራውን ዓይነት እይ። በቁፋሮና በኮረኮንች አቧራ ውስጥ የፒኤም 2.5 ድርሻ ከፒኤም 10 ክብደት አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ጭስ ተቃራኒው ነው፤ የጭስ አብዛኛው ክብደት ከ2.5 በታች ነው። ስለዚህ ይህችን መሣሪያ ይዞ ሳይት አጠገብ መቆም የሰፈሩን ማገዶና ናፍጣ መለካት ነው።

የንጋቱ 12 ሰዓትም በዚሁ ይፈታል። ኅዳር ላይ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ከላይ ያለው ሞቅ ያለው አየር ይከድነዋል። የእንጀራው ምጣድ ጭስ፣ የሚኒባሱ ናፍጣ፣ ሌሊት የተቃጠለው ቆሻሻ ሁሉ ከክዳኑ ሥር ይጠራቀማል። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይቀላቀላል፣ ጭሱም ይሳሳል። ቁፋሮው የሚጧጧፈው ልክ ያን ሰዓት ነው። ፎርማኑ ያየው ጭሱ ሲሳሳ ነው እንጂ አቧራው ሲቀንስ አይደለም።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እርጥበቱ ከ80 በመቶ ሲያልፍ ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሴንሰሯም ከእውነቱ በላይ ታነባለች። ደህናዎቹ መሣሪያዎች አየሩን ከመለካታቸው በፊት የሚያሞቅ ቱቦ ያላቸው ለዚህ ነው።

ሰሚት_ጥግ — ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4:32

እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ በከተማው ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ መለኪያዎችስ? የኤምባሲው ነበር አይደል?

ሌዘር_ቆጣሪ — ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4:50

የአሜሪካ ኤምባሲው ጥሩ ማሽን ነበር፣ ግን ከብናኝ የሚለካው ፒኤም 2.5ን ብቻ ነበር። መረጃውን ለሕዝብ ማጋራቱም እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 ጀምሮ ቆሟል። ቢኖርም ለአንተ ጉዳይ አይጠቅምህም፤ የከተማውን አየር ነው የሚነግርህ፣ የአንተን አጥር አይደለም።

ካቦ_ነኝ — ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1:10

ሕንፃ ሲሠራ አቧራ ይነሳል፣ ምን አዲስ ነገር አለ። ሲያልቅ ይቆማል። የአንተም ቤት ሲሠራ ጎረቤት አቧራ ቅሟል።

ሳይት_ላይ — ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1:55

እኔ ሳይት ኢንጂነር ነኝ፣ ሌላ ሰፈር። ከእኛ ወገንም አንድ ሰው ይናገር ብዬ ነው።

የሰፈሩ ሰው አቧራ ባየ ቁጥር ጣቱን ወደ ኮንትራክተሩ ይቀስራል። የምታዩት አቧራ ብዙው ከጉድጓዱ የሚነሳ አይደለም፣ ከመንገዱ ነው። እርጥብ አፈር ሲቆፈር እምብዛም አይቦንም። ሲኖው ጎማው ላይ ይዞት የወጣው አፈር መንገድ ላይ ይረግፋል፣ ይደርቃል፣ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ሁሉ ይፈጨዋል። ሲፈጭ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው መጠን ላይ የሚደርሰው።

«ውሃ እርጩ» ማለት ቀላል ነው። ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የውሉ የሥራና የዋጋ ዝርዝር) ላይ ለአቧራ መቆጣጠሪያ የተቀመጠ መስመር የለም። ዋጋ ያልወጣለትን ሥራ የትኛው ተቋራጭ በራሱ ኪስ ይሠራል? ጨረታው ላይ ዋጋ የጨመረ ይወድቃል። በዚያ ላይ ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ንጹሕ ውሃ መንገድ ላይ ስታፈስ ያው የሰፈሩ ሰው ነው መጥቶ የሚሰድብህ። ከወንዝ ስትቀዳ ደግሞ ሸተተን ይላል።

ሰሚት_ጥግ — ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2:20

ኢንጂነር፣ መንገዱ የእናንተ ባይሆንም ጎማው የማን ነው? :)

ግን ስለ ቢል ኦፍ ኳንቲቲው ያልከው ገብቶኛል። እንደዚያ ብዬ አስቤው አላውቅም።

ዶሃ_ሴፍቲ — ኅዳር 9፣ ከቀኑ 7:30

እኔ ኳታር በሴፍቲ ኦፊሰርነት ነው የምሠራው። እዚህ ሳይቱ ሥራ ቢያቆምም ሻማል የሚሉት የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ ፒኤም 10 በመቶዎች ይገባል። «ቁጥሩ ከዚህ ካለፈ ጥፋቱ የእናንተ ነው» ብትል ማንም አይሰማህም፣ በረሃውን ማን ይከሰዋል?

ስለዚህ አንድ መለኪያ ብቻውን ዋጋ የለውም። አንዱ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ይቆማል፣ ሌላው ነፋሱ ከሳይቱ አልፎ በሚሄድበት ወገን። የመጀመሪያው የሚያነበው የሌላ ሰው አቧራ ነው፣ ከሁለተኛው ላይ ይቀነሳል፣ የተረፈው የሳይቱ ነው። አጠገባቸው የነፋስ አቅጣጫና ፍጥነት መመዝገቢያ ይተከላል። እኔ በዚያ ላይ አንድ ደብተር እጨምራለሁ፦ በስንት ሰዓት ምን ሥራ ተሠራ፣ ስንት መኪና ወጣ፣ ቦቴው መጣ ወይስ አልመጣም። ቁጥሩ ድንገት ሲዘል ደብተሩን ትከፍታለህ፣ መልሱ እዚያ አለ። ደብተር የሌለው ግራፍ የክርክር መነሻ ከመሆን አያልፍም።

ሰሚት_ጥግ፣ አንተ ጋ ነፋሱ ከየት ነው?

ሰሚት_ጥግ — ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8:00

ቀን ቀን ወደ እኛ ነው የሚያመጣው። ሳይቱ በስተምሥራቃችን ነው።

ኮተቤ_ልጅ — ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8:12

በበጋ አዲስ አበባ ላይ ነፋሱ ባብዛኛው ከምሥራቅ ነው። ቦሌ ማኮብኮቢያው ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋው በከንቱ አይደለም፤ አውሮፕላን የሚነሳው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ስለዚህ ከሳይቱ ምሥራቅ ያሉት ጎረቤቶችህ ምንም አቧራ የለም ቢሉህ አትገረም፣ አልዋሹም።

ብሮንክስ_ነኝ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4:40

እኔ ባለሁበት ኒውዮርክ የተበከለ አፈር በሚቆፈርባቸው ሳይቶች ላይ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ያወጣው አሠራር አለ፣ ልክ ዶሃ እንዳለው በልዩነት ነው የሚሠራው። ነፋሱ ከሳይቱ አልፎ በሚሄድበት ወገን ያለው ፒኤም 10 በ15 ደቂቃ አማካይ፣ በሌላው ወገን ካለው በ100 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ከበለጠ ውሃ መርጨት ወይም ሌላ መከላከያ ግዴታ ነው። ተረጭቶም ልዩነቱ ከ150 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ሥራው ይቆማል። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያለው የአየር ጥራት ወረዳ ደግሞ 50 ነው የሚለው። ለንደን ላይ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የአንድ ሰዓት አማካይ 190 ነው።

ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ የኒውዮርኩና የለንደኑ አማካይ ግን አጭር ነው። የ24 ሰዓት አማካይ ለጤና ጥናት ነው እንጂ ለሳይት አይሆንም። ሲኖው ለአሥር ደቂቃ ያስነሳው አቧራ በቀኑ አማካይ ውስጥ ይሰምጣል፣ ማታ ተሰልቶ ሲመጣም ፎርማኑ ቤቱ ገብቷል።

ሳይት_ላይ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 5:05

ያ ሁሉ ጥሩ ነው። እዚያ ግን መለኪያው ከነባለሙያው የፕሮጀክቱ ወጪ ውስጥ ተካቶ ነው የሚገባው። እኛ ጋ ማን ይክፈል?

ዶሃ_ሴፍቲ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 5:20

አሠሪው ነዋ። ውል ላይ እንደ ማንኛውም ሥራ መስመር ይሰጠው፦ ቦቴ በቀን ይህን ያህል፣ ጎማ ማጠቢያ አንድ፣ መለኪያ በወር ይህን ያህል። ያኔ ኮንትራክተሩ ራሱ ይወደዋል፣ ክፍያ አለበታ። ተቆጣጣሪውም ካልተሠራ ከክፍያ ሰርተፊኬቱ ላይ ይቀንሳል። አሁን ያለው አሠራር «በጎ ፈቃድ ካላችሁ እርጩ» ነው።

ሳይት_ላይ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 5:28

በዚህ እስማማለሁ።

ነርሷ — ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3:15

ስለ እናትህ፦ ከ10 ማይክሮን በላይ የሆነው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ከ10 በታች ያለው የመተንፈሻ ቧንቧዎች ውስጥ ይገባል፣ አስም የሚቀሰቅሰውም ይህ ነው። ከ4 በታች ያለው እስከ አየር ከረጢቶቹ ይዘልቃል። ቀን ቀን በነፋሱ በኩል ያሉትን መስኮቶች ዝጉ፣ ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። በርበሬውም ለጊዜው ሌላ ቦታ ይሰጣ። ኢንሄለሩን ከበፊቱ አብዝታ እየተጠቀመች ከሆነ ሐኪሟ ይወቀው፣ የሚቆጣጠረው መድኃኒት መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያስጨንቁኝ ከአጥሩ ወዲያ የሚሠሩት ልጆች ናቸው። ቁፋሮው አልቆ ፊኒሺንግ ሲጀመር ግራናይትና ሴራሚክ በግራይንደር በደረቁ ይቆረጣል። ያ ነጭ ዱቄት ሲሊካ አለበት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። አሜሪካኖች ለሠራተኛ የሚፈቅዱት በ8 ሰዓት አማካይ 50 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው፤ በደረቁ የሚቆርጥ ልጅ ያንን ለማለፍ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። ሲሊኮሲስ፣ ይኸው ዱቄት የሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ መድኃኒት የለውም። ራጅ ላይም ቲቢ መስሎ ሊያሳስት ይችላል፣ ለራሱ ለቲቢም በር ይከፍታል።

የወተቱን ነገር ደግሞ ተዉት። አቧራውን ያወርዳል ተብሎ ለሠራተኛው ወተት ይሰጣል፤ ወተት የሚወርደው ጨጓራ ውስጥ ነው፣ ሳንባ ጋ መንገድ የለውም። ለምግብነቱ ይጠጡት፣ ደስ ይለኛል። ግን በዚያው ብር ግራይንደሩ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎማ ቢገጠም አቧራው ገና ሳይነሳ ይቀራል። ፊት ላይ የሚታሰረው ሻሽም ትልቁን እንጂ ይህን አያስቀርም፤ ቢያንስ ኤን 95፣ እሱም ፊት ላይ የገጠመ።

ካቦ_ነኝ — ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4:00

እህቴ የወተቱን አትንኪብን እንጂ :) የግራይንደሩን ግን እውነትሽን ነው፣ ውሃ ያለው ማሽን አለ፣ ልጆቹ ወለሉ ይጨቀያል ብለው ነው የማይፈልጉት።

ሰሚት_ጥግ — ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 2:30

ሰዎች፣ ትናንት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አመሻሽ ላይ ሴንሰሯ አበደች፣ 300 አልፋ ሄደች። ሳይቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ወጥቼ ሳይ ኅዳር 12 ነው ለካ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው። ኅዳር ሲታጠን!

ሌዘር_ቆጣሪ — ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 2:44

ሃሃ! ከዚህ የተሻለ ፈተና አይገኝም። ጭስ ሲሆን ወዲያው አየችው፣ እንዲያውም አጋነነችው። የኤክስካቫተሩን አቧራ ግን አላየችም። ሁለቱን ግራፍ ጎን ለጎን አትመህ ለፎርማኑ አሳየው። ሁለተኛ «አየሩን አጠራን» አይልህም።

የሳይት አቧራ ለመለካት የምር ከፈለግክ ተለቅ ያለውን ብናኝ የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልግሃል። አልፋሴንስ የሚሠራት አንዲት ቆጣሪ እስከ 40 ማይክሮን ታያለች፤ በዋጋ ግን ከአንተዋ ብዙ ትርቃለች። ሳይቶች ላይ የሚተከሉት እነ ኦሲሪስና ደስትትራክ ደግሞ የግለሰብ አቅም አይደሉም።

የድሮ_ላብራቶሪ — ኅዳር 14፣ ከቀኑ 9:20

ልጄ፣ ሴንሰሩን ተወውና ባልዲ ግዛ።

እኔ ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ ነው የጨረስኩት። የእናትህን በርበሬ የሚያለብሰው አቧራ በአየር ላይ ተንሳፎ የሚቆይ አይደለም፣ የሚወርድ ነው። መቶ ማይክሮን የሆነ ቅንጣት በሴኮንድ ሩብ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከአሥር ሜትር ከፍታ ቢነሳ በደህና ነፋስ መቶ ሜትር ያህል ሄዶ መሬት ይነካል። አሥር ማይክሮኑ በሴኮንድ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወርድ ሰፈርህን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ የወረደውን መዝን። ይህ ዘዴ ከኤሌክትሮኒክስ በፊት የነበረ ነው፣ ዛሬም ደረጃ ወጥቶለት ይሠራበታል።

አፉ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባልዲ ይሁን። ሁለት ሜትር ከፍታ ባለው እንጨት ላይ አቁመው፣ ከግድግዳና ከዛፍ ራቅ ይበል። ከሥሩ ውሃ ጨምርበት፣ ደረቅ ከሆነ የወረደው መልሶ ይነፍሳል። የቧንቧ ውሃ አይሁን፣ ኖራ ይተዋል፤ የባትሪ ውሃ ግዛ፣ እየደረቀ ሲመጣ እየጨመርክ ጠብቀው። አልጌ እንዳያበቅል ቁንጥር የመዳብ ሰልፌት ይጨመራል፣ ግን መርዝ ነውና ልጅም ዶሮም እንዳይደርስበት።

በወሩ መጨረሻ ቅጠሉንና ዝንቡን በሻይ ማጥለያ አስቀር፣ የቀረውን በማጣሪያ ወረቀት አጥልለው። ወረቀቱን ከማጥለልህ በፊት ምድጃ ውስጥ አድርቀህ መዝነው፣ ካጠለልክ በኋላም እንደዚያው አድርቀህ። ይህን ካልጠበቅክ የምትመዝነው እርጥበት ነው። የኩሽና ሚዛን አይሆንህም። ወርቅ ቤት ሂድ፣ አንድ መቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን አላቸው፣ ወርቅ ባትገዛም ይመዝኑልሃል።

ሒሳቡ፦ የባልዲው አፍ ስፋት 0.07 ካሬ ሜትር ነው። ክብደቱን በሚሊግራም ለስፋቱ አካፍል፣ ከዚያ ለቀኖቹ ቁጥር አካፍል። ጀርመኖች በካሬ ሜትር በቀን 350 ሚሊግራም የሚል ወሰን አላቸው፣ እንግሊዞች በልማድ 200 ካለፈ ሰው ያማርራል ይላሉ። ሁለተኛ ባልዲ ከሳይቱ በስተምሥራቅ አኑር፣ የዶሃው ልጅ እንዳለው።

ሰሚት_ጥግ — ኅዳር 14፣ ከቀኑ 9:50

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አክስቴ ቤት ከሳይቱ ወዲያ ማዶ በምሥራቅ በኩል ነው፣ እዚያ አኖራለሁ። ነገ ባልዲ ገበያ ነኝ።

ጠበቃው — ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1:10

ማስረጃውን ስትይዝ መንገዱንም እወቀው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በሚበክል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ብሏል። የአገራችን መመሪያ ለፒኤም 10 የ24 ሰዓት ወሰን 150 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው 45 ነው።

አቤቱታህን በጽሑፍ አድርገው፣ የገቢ ቁጥር ያዝ። ግን ከዚያ በፊት ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ደብዳቤ ጻፍ፣ ለፎርማኑ አይደለም። ፎርማን ትእዛዝ ተቀባይ ነው። የተቆጣጣሪው ፊርማ ነው ክፍያ የሚያስለቅቀው።

ሰሚት_ጥግ — ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 2:05

ውጤቱ መጣ። የእኛ ባልዲ 1.61 ግራም፣ የአክስቴ 0.38 ግራም። በጋሼ ሒሳብ የእኛ 760 አካባቢ፣ የእሷ 180 አካባቢ ይሆናል። የወርቅ ቤቱ ሰውዬ መጀመሪያ ጭቃ የያዘ ወረቀት ሳወጣ ገላምጦኝ ነበር፣ ነገሩን ስነግረው ግን ሦስቴ መላልሶ መዘነልኝ።

ደብተርም ይዤ ነበር፦ የሲኖ ምልልስ፣ ቦቴ የመጣበትና ያልመጣበት። ሁለቱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሰጠሁት። ቁጥሩን ብዙም አላየውም፣ ወረቀቱን ነው ያየው። ወደ ጉድጓዱ ጫፍ ሄዶ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነ፣ ደረቁን በጣቱ ፈጭቶ አጠገቡ አደረገው። ያው ግራጫ ነው። «ይህንን ልካድ ብልም አልችልም» አለ። ኮንትራክተሩ ተጠራ።

ሲኖዎቹ አሁን ሸራ ያለብሳሉ፣ ኮረኮንቹ ላይም በዝግታ ነው የሚሄዱት። ውሃው ግን መጀመሪያ አስቂኝ ነበር። ቦቴው መጥቶ አንድ ጊዜ አጥለቀለቀው፣ ሲኖዎቹ ጭቃውን ይዘው አስፋልቱ ድረስ ወሰዱት፣ በማግስቱ ደርቆ ከበፊቱ የባሰ ቦነነ።

ሳይት_ላይ — ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 2:30

የተለመደ ስሕተት ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚረጨው። አፈሩ መርጠብ እንጂ መጨቅየት የለበትም። መውጫው ላይ ደግሞ ሸካራ ጠጠር ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ሜትር ባላነሰ ርዝመት ይነጠፍ፣ ጎማው ጭቃውን እዚያ ያራግፋል። ይህ ማጠቢያ ከመሥራት ይረክሳል።

ለነገሩ እኔም አዲሱ ሳይታችን ላይ ለአሠሪው የአቧራ መቆጣጠሪያ መስመር አስገብቼ ዋጋ አቅርቤአለሁ። ይጸድቃል ወይ የሚለውን አያለሁ።

ሰሚት_ጥግ — ታኅሣሥ 20፣ ከጠዋቱ 1:40

የጠጠሩን ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛው ወር ባልዲ ተሰቅሏል፣ ከመጀመሪያው ጋር አስተያይቼ እለጥፋለሁ። እናቴ በርበሬውን አክስቴ ጋ አስጥታ አስፈጭታዋለች።

ገርጂ_ማማ — ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 6:15

እኔም ይህን ውይይት አንብቤ ባልዲ አቁሜአለሁ፣ ከጎናችን ያለውን አሮጌ ሕንፃ እያፈረሱ ነው። ችግሬ እርግቦቹ ናቸው፤ ጠርዙ ላይ ይሰለፉና ኩሳቸውን ውስጥ ይጥሉታል። እሱን ለቅሜ ባወጣው ይቻላል?

የድሮ_ላብራቶሪ — ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 10:00

አይቻልም ልጄ፣ ኩሱ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ከአቧራው ጋር ይጣበቃል፤ ያንን ወር ሰርዢው፣ ባልዲውን አጥበሽ እንደ አዲስ ጀምሪ። ከጠርዙ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ ቀጭን ሽቦ ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር ዙሪያውን ወጥሪበት። እርግብ መቆሚያ ካጣች አትመጣም። ክሩ በባልዲው አፍ ላይ እንዳያልፍ ግን ተጠንቀቂ፣ ጤዛው አቧራ ይይዝና ያንጠባጥበዋል።